አለም የሚባል ልጅ

ውድ ወላጆች፣ እንደምን ዋላችሁ? ቡናው ሳይቀዘቅዝ ለመጨረስ እሞክራለሁ።

ባለፈው ወር አንድ አባት ደውለው፣ «መምህር፣ ልጄ ማታ ማታ እያነበበ ያለቅሳል። ምንድነው የሰጣችሁት?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ለቅዳሜ ትምህርት ቤታችን የመረጥነው መጽሐፍ ያስለቅሳል።

መጽሐፉ የእንግሊዛዊው ገጣሚና ደራሲ የቤንጃሚን ዜፋንያ «ሬፊውጂ ቦይ» (ስደተኛው ልጅ) ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ልብ ወለድ። ባለታሪኩ የ14 ዓመት ልጅ ነው፣ አለም ይባላል። አባቱ ኢትዮጵያዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት። በድንበሩ ጦርነት ጊዜ እዚህም እዚያም መቀመጫ ያጣሉ። አባቱ ለሽርሽር ብሎ እንግሊዝ ያመጣዋል። ልጁ ጠዋት ሲነቃ አባቱ የለም። ደብዳቤ ብቻ ትቶለታል። በኋላ አንድ ቤተሰብ በአሳዳጊነት ይቀበለዋል።

አንዳንዶቻችሁ የከበዳችሁ መጀመሪያው ነው፤ አውቃለሁ። ወታደሮች ኢትዮጵያ ውስጥ ቤት ሰብረው ይገባሉ። ገጹን ስትገልጡ ያው ነገር ኤርትራ ውስጥ ይደገማል፣ ያው ስድብ፣ ያው ጠመንጃ። «ይሄን ለልጅ ምን ያነሱበታል?» ያላችሁኝ አላችሁ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ከሁለቱም ወገን የተወለዱ ልጆች አሉን። እኛ ዝም ብንልም ከፊታችን ላይ ያነቡታል። መጽሐፉ ቢያንስ ለማንም አላደላም።

አሁን ወደ ክፍላችን ልውሰዳችሁ። «እናንተ በታሪኩ ውስጥ ማን ናችሁ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ሁሉም አለምን ይላሉ ብዬ ነበር፤ የስደተኛ ልጆች አይደሉ? አንዲት ልጅ ግን እጇን አውጥታ፣ «እኔ የአሳዳጊዎቹ ልጅ ነኝ። እኔ እዚሁ ለንደን ነው የተወለድኩት። እንግዳ የሚመጣው እኔ ቤት ነው» አለች። እውነቴን ነው፣ ለዚህ መልስ አልተዘጋጀሁም ነበር።

ከዚያ በኋላ ወሬው ሁሉ ተቀየረ። አዲስ ልጅ ክፍል ቢመጣ ምን እናደርጋለን? ስሙን አስተካክለን እንጥራ አሉ። ምሳ ሰዓት ብቻውን አይቀመጥ አሉ። አንዱ ደግሞ፣ «የትኛው አውቶቡስ ወደ ቤቱ እንደሚሄድ ማን ነገረው?» አለ። በልብ ወለዱ የአለም ጓደኞች እሱ ከሀገር እንዳይባረር ሰልፍ ይወጣሉ። የእኛዎቹ ከአውቶቡስ ጀመሩ፤ እኔ አውቶቡሱን ወድጄዋለሁ።

ታሪኩን እ.ኤ.አ. በ2013 ለመድረክ ያዘጋጀው ገጣሚው ለምን ሲሳይ ነው። እናቱ ኢትዮጵያዊት፣ እሱ ራሱ በማደጎና በሕጻናት ማሳደጊያ ያደገ። ልጆቹ ስሙ ጥያቄ መሆኑን ሲያውቁ ሳቃቸውን ማስቆም አልቻልኩም።

አንድ የቤት ሥራ አለኝ፤ ለእናንተ። እዚህ ሀገር የገባችሁበትን የመጀመሪያ ሌሊት ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። በር የከፈተላችሁ ማን ነበር? ምን አበላችሁ? በር ያልከፈተም ካለ፣ እሱንም አትደብቁ።

መጽሐፉ ያለን 12 ቅጂ ብቻ ነው። ሦስቱ ከወላጆች ዘንድ እንደቀሩ ሰምቻለሁ። አንብባችሁ ስትጨርሱ መልሱልን፤ ተራ የሚጠብቁ ልጆች አሉ።