52 እና 53

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ከጅማ ነው የማወራው። ዝናቡ እንደ ልማዱ ቆርቆሮውን እየደበደበ ነው፤ ድምፁ ከገባባችሁ ይቅርታ።

ዛሬ ስለ ፔሪዮዲክ ቴብል ነው፤ ንጥረ ነገሮች በተራ ስለሚደረደሩበት ሰንጠረዥ። አውቃለሁ፣ ግማሾቻችሁ ልትዘጉት ነው። ቆይ፣ አትቸኩሉ።

የእህቴ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ሰሞኑን ደብተሯን ይዛ ሳሎን ውስጥ ወዲያ ወዲህ ትላለች። «ሃይድሮጅን፣ ሂሊየም፣ ሊቲየም…» እያለች እንደ ዳዊት ትደግመዋለች። ካልሲየም ላይ ስትደርስ ቀጥ! ፈተናው እስከ 20 ነዋ። ሶዲየም ለምን ሊቲየም ሥር እንደተቀመጠ ብጠይቃት፣ «እሱ አይመጣም፣ አክስቴ» አለችኝ።

ሽምደዳ ያናድደኛል። ይሄ ሰንጠረዥ እኮ ከመጀመሪያውም ሙግት ያለበት ነው።

በፈረንጆቹ 1869 ሩሲያዊው ዲሚትሪ ሜንዴሌቭ ያኔ የታወቁትን 63 ንጥረ ነገሮች በአቶማቸው ክብደት ደረደራቸው። ጠባያቸው የሚመሳሰለውን ደግሞ አንድ ዓምድ ላይ ማሰለፍ ፈለገ። ታዲያ ቴሉሪየምና አዮዲን ላይ ነገሩ አልገጥም አለው። ዛሬ በምናውቀው ልክ ቴሉሪየም 127.6፣ አዮዲን 126.9 ነው። በክብደት ከሄድን አዮዲን ይቀድማል። ግን አዮዲን ጠባዩ ቁርጥ ክሎሪንን ነው፤ ሶዲየም ሲያገኝ ጨው ይሠራል። ሰውየው ጠባዩን አመነና አዮዲን ከክሎሪን ዓምድ እንዲገባ ቴሉሪየምን አስቀደመ። የቴሉሪየም ክብደት በስህተት ተለክቷል ብሎም ድርቅ አለ።

የሚገርመው፣ ልኬቱም ልክ ነበር፣ ቦታውም ልክ ነበር።

ነገሩን የፈታው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሞዝሊ ነው። በ1913 ንጥረ ነገሮች የሚያወጡትን ኤክስሬይ ሲለካ፣ ተራው የሚሄደው በኒውክለሱ፣ ማለትም በአቶሙ እምብርት፣ የኤሌክትሪክ ቻርጅ መሆኑን አገኘ። በዛሬ ቋንቋ እምብርቱ ውስጥ ባሉት ቻርጅ ያላቸው ቅንጣቶች፣ በፕሮቶን ብዛት ማለት ነው። ቴሉሪየም 52፣ አዮዲን 53። አለቀ! ሞዝሊ ከሁለት ዓመት በኋላ ቱርክ ውስጥ ጋሊፖሊ ጦርነት ላይ ተገደለ። ገና 27 ዓመቱ ነበር፤ ባሰብኩት ቁጥር ያንገበግበኛል።

ታዲያ ቴሉሪየምን ምን አከበደው? ከፕሮቶን ጋር እምብርቱ ውስጥ የሚቀመጠው ኒውትሮን። በተፈጥሮ የምናገኘው አዮዲን 74 ኒውትሮን አለው። ከቴሉሪየም አቶሞች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ግን ወይ 76 ወይ 78 ይይዛሉ። ኒውትሮን ቻርጅ ስለሌለው ሚዛን ላይ ይታያል እንጂ ጠባይ ላይ እዚህ ግባ የሚባል ነገር አያመጣም። ጠባይ የሚመጣው እምብርቱን ከብበው በየሼሉ፣ ማለትም በየንብርብሩ፣ ከሚገኙት ኤሌክትሮኖች ነው። አዮዲን ውጪኛው ሼሉ ላይ 7 ኤሌክትሮን አለው፤ አንድ ይጎድለዋል። ክሎሪንም 7። አንድ ዓምድ ላይ የተሰለፉት ለዚህ ነው።

ልጅቷን ወጥ ቤት ወስጄ የጨው ፌስታሉን አሳየኋት። «አዮዲን ያለው» ይላል። አዮዲን ሲያንስ አንገት ሥር ያለው እጢ ያብጣል፤ እንቅርት የምንለው እሱ ነው። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ብለን የተረትነው ወደን መሰላችሁ? ደገኛው አገራችን በዚህ ብዙ ተቸግሯል። 53 ቁጥር ከዚያ ወዲህ ለእሷም አዲስ ሆነባት።

«ሌላስ የተገለባበጠ አለ?» አለች። ከሸመደደችው ውስጥ 18ን እና 19ን አሳየኋት። አርጎን 39.95፣ ፖታሺየም 39.10። በክብደት ብንሄድ ውሃ ሲነካ የሚንቀለቀለው ፖታሺየም ማንንም ከማይነኩት ጋዞች ጋር ይሰለፍ ነበር፤ አርጎን ደግሞ ሶዲየም ሥር። ሳቀችና ደብተሯ ላይ ሁለቱን በቀይ እስክሪብቶ አከበበቻቸው። ኮባልትና ኒኬልን ራሷ ትፈልጋቸው ብዬ ዝም አልኳት።