ከአሜሪካ ጦር ያለ ክብር የተሰናበታችሁ፦ ያ ወረቀት ሊቀየር ይችላል

ሰላም ጤና ይስጥልን።

ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ በማኅበረሰባችን ውስጥ አለ፤ ግን ጮክ ብሎ የሚያወራው የለም። በዲቪ መጥተው የአሜሪካ ጦር የገቡ ልጆቻችን ጥቂት አይደሉም። በ2008 የተፈቀደው ማቭኒ የሚባለው ፕሮግራምም አማርኛን ከተፈላጊ ቋንቋዎቹ አንዱ አድርጎ፣ ግሪን ካርድ ለሌላቸው ጭምር በር ከፍቶ ነበር። ብዙዎቹ ኮንትራታቸውን በክብር ጨርሰው ወጥተዋል። አንዳንዶቹ ግን ወረቀታቸው ላይ ሌላ ነገር ተጽፎበት ወጡ። ከዚያ በኋላ ዝምታ ነው። ለቤተሰብ «ጊዜዬን ጨረስኩ» ይባላል፣ ወረቀቱ ሻንጣ ሥር ይገባል።

ይህ ቪዲዮ ለእነሱ ነው። ለእናቶቻቸውና ለትዳር ጓደኞቻቸውም ጭምር። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

[በስክሪኑ ላይ፦ የዲዲ 214 ናሙና፣ ከሳጥን 24 እስከ 28 ተከቦ]

መጀመሪያ ወረቀቱን እንየው። ከአክቲቭ ዲዩቲ፣ ማለትም ከሙሉ ጊዜ ውትድርና የወጣ ሰው ዲዲ 214 የሚባል ወረቀት ይሰጠዋል። አጭርና ረጅም ቅጂ አለው። አጭሩ የስንብቱን ዓይነት አያሳይም፤ ለእኛ ጉዳይ የሚያስፈልገው «ሜምበር 4» የሚለው ረጅሙ ነው። ሳጥን 24 ላይ የስንብቱ ዓይነት ተጽፏል። ሳጥን 28 ላይ ምክንያቱ አለ። ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያየው 24ን ብቻ ነው። ግን ሳጥን 28 ላይ ዕፅ ወይም የስብዕና መታወክ የሚል ነገር ካለ፣ ወረቀቱን የጠየቀ ቀጣሪ ሁሉ ያነበዋል። ስለዚህ ስታመለክቱ ሁለቱም እንዲቀየሩ ጠይቁ።

ስንብቱ አምስት ዋና ዋና ዓይነት አለው። ከላይ ኦነረብል፣ ማለትም ሙሉ የክብር ስንብት። ቀጥሎ ጄነራል፤ ብዙ ጥቅሞችን ያስገኛል፣ የጂአይ ቢል የትምህርት ገንዘብን ግን ያስቀራል። ሦስተኛው ኦቲኤች የሚባለው ነው፣ አዘር ዛን ኦነረብል፣ ማለትም ከክብር ያነሰ ስንብት። እነዚህ ሦስቱ ያለ ፍርድ ቤት፣ በአዛዦች ውሳኔ የሚሰጡ ናቸው። ባድ ኮንዳክትና ዲስኦነረብል ግን በወታደራዊ ፍርድ ቤት የሚፈረዱ ቅጣቶች ናቸው። ይህን ልዩነት ያዙት። ኦቲኤች ይዘው «እኔ እኮ ወንጀለኛ ነኝ» የሚሉ ልጆች አሉ። አይደላችሁም። ማንም ዳኛ አልፈረደባችሁም።

አሁን አንድ ልጅ እንውሰድ። ለማብራሪያ የፈጠርነው ነው። በዲቪ መጣ፣ በ2009 አርሚ ገባ፣ ሥልጠና ላይ እያለ ዜግነት አገኘ። በ2010 አፍጋኒስታን ዘመተ። ሲመለስ እንቅልፍ አጣ። መጠጣት ጀመረ፣ ከዚያ ማሪዋና። የሽንት ምርመራ ወደቀ። የጠዋት ሰልፍ መቅረት አመጣ፣ በመጨረሻም ሳያስፈቅድ ሁለት ሳምንት ጠፋ። ሲመለስ ሁለት ምርጫ ቀረበለት፤ ወይ ወታደራዊ ፍርድ ቤት፣ ወይ ይቺን ፈርመህ ወደ ቤትህ። ፈረመ። በ2012 ኦቲኤች ይዞ ወጣ። ሲፈርም አንዱ «አትጨነቅ፣ ከስድስት ወር በኋላ ራሱ ይስተካከላል» አለው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ይህ «በስድስት ወር ራሱ ይስተካከላል» የሚባለው ነገር ውሸት ነው። የትኛውም ስንብት በራሱ ጊዜ አይቀየርም። ስንቱ ወጣት ይህን አምኖ ዓመታት አባክኗል! ካላመለከታችሁ ወረቀቱ እስከ ዕድሜ ልክ እንዳለ ይቀመጣል።

[በስክሪኑ ላይ፦ ዲዲ 293፣ 15 ዓመት / ዲዲ 149፣ 3 ዓመት]

ማመልከቻው የሚገባው ለሁለት ዓይነት ቦርድ ነው። የመጀመሪያው ዲስቻርጅ ሪቪው ቦርድ ነው። ፎርሙ ዲዲ 293 ይባላል፣ ከስንብቱ ቀን ጀምሮ 15 ዓመት ጊዜ አላችሁ። በጄነራል ኮርት ማርሻል፣ ማለትም በከፍተኛው ዓይነት ወታደራዊ ፍርድ ቤት የተፈረደውን ማየት አይችልም፤ የእኛን ልጅ ዓይነት ጉዳይ ግን ያያል። ሁለተኛው የመዝገብ ማስተካከያ ቦርድ ነው፣ ፎርሙ ዲዲ 149። ይህ ሥልጣኑ ሰፊ ነው። ስህተቱን ካወቃችሁ በሦስት ዓመት ውስጥ አመልክቱ ይላል፣ ግን ፍትሕ የሚጠይቅ ሆኖ ካገኘው ጊዜው ያለፈበትንም ይቀበላል። የቬትናም ዘማቾች ከአሥርት ዓመታት በኋላ አመልክተው ያሸነፉት በዚህ በኩል ነው።

15 ዓመት ያልሞላው ሰው መጀመሪያ ወደ ሪቪው ቦርዱ ነው የሚሄደው። የእኛ ልጅ በ2012 ከወጣ በሩ እስከ 2027 ክፍት ነው። እኔ ግን እስከ መጨረሻዋ ዓመት አትጠብቁ እላለሁ። ምክንያቱም ይህ ቦርድ ሁለት ዕድል ይሰጣል። መጀመሪያ በወረቀት ብቻ እንዲያየው ትጠይቃላችሁ። ከተከለከላችሁ ቀርባችሁ እንድትናገሩ ትጠይቃላችሁ። ይህ ሁሉ ግን በ15 ዓመቱ ውስጥ መጠየቅ አለበት፤ አንዱ ውሳኔ ብቻውን ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ለማመልከት ክፍያ የለም። ደግሞም ቦርዱ ስንብታችሁን ከነበረበት ዝቅ ሊያደርገው አይችልም። «ጭራሽ ያብሱብኛል» ብሎ የሚፈራ ካለ፣ ይህን ስጋት ይተወው።

ግን ለምን ይቀይሩታል? የጉዳዩ ልብ ያለው እዚህ ነው።

ፒቲኤስዲ፣ ማለትም ከጦርነትና ከመሳሰለው አስደንጋጭ ነገር በኋላ የሚመጣው የአእምሮ ሕመም፣ በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ውስጥ በስሙ የገባው በ1980 ነው። ከዚያ በፊት ከቬትናም የተመለሰ ወታደር ሲረበሽ ሰካራም፣ ሥርዓት የለሽ፣ ከዳተኛ ተብሎ ይባረር ነበር። ስሙ ከታወቀ በኋላም ነገሩ በቀላሉ አልተስተካከለም። የአሜሪካ ኮንግረስ የኦዲት መሥሪያ ቤት ጋኦ በ2017 ባወጣው ሪፖርት፣ ከ2011 እስከ 2015 ባሉት የበጀት ዓመታት በሥነ ምግባር ጉድለት ከተሰናበቱት 91,764 ወታደሮች ውስጥ 62 በመቶው፣ ከመሰናበታቸው በፊት በነበሩት ሁለት ዓመታት ፒቲኤስዲ፣ የአንጎል ጉዳት ወይም ሌላ ተመሳሳይ ችግር እንዳለባቸው በሐኪም ታውቆ ነበር። በሐኪም የታወቀውን ብቻ ነው የምላችሁ። ደብቆ የወጣውን ቤት ይቁጠረው።

በዚህ ምክንያት መከላከያ ሚኒስቴሩ ለቦርዶቹ መመሪያ ማውጣት ጀመረ። በ2014 በወቅቱ ሚኒስትር ሄግል የተፈረመው፣ ፒቲኤስዲ ያለባቸው ሰዎች ማመልከቻ በለዘብታ እንዲታይ አዘዘ። በኦገስት 2017 የወጣው፣ በፈራሚው ስም የኩርታ የሚባለው መመሪያ ደግሞ የአንጎል ጉዳትን፣ ሌሎች የአእምሮ ሕመሞችን፣ የወሲብ ጥቃትንና ትንኮሳን ግልጽ አድርጎ ጨመረ። በ2018 የወጣው የዊልኪ መመሪያ ከሕመም ውጭ ላሉትም ነው፤ ከጦሩ ከወጣችሁ በኋላ እንዴት እንደኖራችሁ ጭምር እንዲመዘን ያዛል።

የኩርታን መመሪያ አጥብቃችሁ ያዙ። ቦርዱ አራት ነገር ይጠይቃል። ጥፋቱን ሊያቀልል የሚችል ሕመም ወይም የደረሰበት ነገር አለ? በአገልግሎት ላይ እያለ የነበረ ነው? በእርግጥ ጥፋቱን ያስረዳል? ከጥፋቱስ ይበልጣል? የባለጉዳዩ የራሱ ቃል ብቻውን ማስረጃ ሊሆን እንደሚችልም መመሪያው ይናገራል። ከዚህም አልፎ ጥፋቱ ራሱ የሕመሙ ምልክት ሊሆን ይችላል ይላል። ንጹሕ ወታደር ድንገት ሰልፍ መቅረት ከጀመረ፣ መቅረቱ የሆነ ነገር እየተናገረ ነው።

[በስክሪኑ ላይ፦ ሁለት አንቀጾች ጎን ለጎን]

እንግዲህ የሚያሸንፈው ወይም የሚሸነፈው ከፎርሙ ጋር በምታያይዙት የራሳችሁ ጽሑፍ ነው። በግራ ያለውን እዩት። «ወጣት ነበርኩ፣ ተሳስቻለሁ፣ አገሬን እወዳለሁ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ።» ከልብ የመጣ ነው። ግን ከአራቱ ጥያቄዎች አንዱንም አልመለሰም።

አሁን በቀኝ ያለውን አንብቡ። «ከመዝመቴ በፊት አንድም ጊዜ ተቀጥቼ አላውቅም። ከካንዳሃር በተመለስኩ በሦስተኛው ወር እንቅልፍ አጣሁ። ማሪዋና የጀመርኩት ለመተኛት ነበር። የሽንት ምርመራውን የወደቅሁት ከዚያ በኋላ ነው።» ልዩነቱ ታያችሁ? ከዘመቻው በፊት፣ ዘመቻው፣ ከዘመቻው በኋላ። አንዱ ሌላውን ይስባል። አንባቢው ሰንሰለቱን በራሱ እንዲቀጥል አትተዉለት፤ እናንተው ቀጥሉለት።

የእኛ ልጆች የሚወድቁበት አንድ ልዩ ቦታ አለ። ወታደር ከዘመቻ ሲመለስ የጤና መጠይቅ ይሞላል። ቅዠት አለብህ? ትደነግጣለህ? የእኛ ልጅ ሁሉንም «የለም» ብሎ ሞልቶታል። ለምን? «አበደ» እንዳይባል። ወሬው ወደ አገር ቤት እናቱ ጆሮ እንዳይደርስ። ያ ወረቀት ፋይሉ ውስጥ አለ፣ ቦርዱም ያየዋል። ስለዚህ ዝም ብላችሁ አትለፉት። ለምን «የለም» እንዳላችሁ በግልጽ ጻፉ። በእኛ ዘንድ የአእምሮ ሕመም ምን ያህል እንደሚያሳፍር ቦርዱ ከእናንተ ካልሰማ ከየት ያውቃል?

ከዚያ ምስክር ጨምሩ። አብሯችሁ የዘመተ ጓደኛ፣ የቅርብ አለቃ፣ ሌሊት ስትቃዡ የምታውቅ ባለቤት። የቤተ ክርስቲያን አባት ወይም ኢማም ደብዳቤም ጥሩ ነው፤ ግን «ምስጉን ልጅ ነው» ብቻ ከሆነ አይጠቅምም። ከመቼ ጀምሮ እንደሚያውቃችሁና በዓይኑ ምን እንዳየ ይጻፍ። በአማርኛ የተጻፈ ከሆነ የእንግሊዝኛ ትርጉም አያይዙ። ዛሬ ሐኪም አይቷችሁ ሕመሙ ያኔም እንደነበረ ከጻፈላችሁ ትልቅ ነገር ነው።

ፋይላችሁን ደግሞ አስቀድማችሁ አውጡ። ሰንት ሉዊስ ካለው ብሔራዊ የሠራተኞች መዝገብ ማዕከል በኤስኤፍ 180 ፎርም ወይም በኢንተርኔት ይጠየቃል። ቦርዱ መንግሥት ሥራውን በደንብ ሠርቷል ከሚል ግምት ነው የሚነሳው። ያንን ማፍረስ የእናንተ ድርሻ ነው፣ ፋይሉን ሳታዩ ደግሞ አይሆንም።

ጠበቃ ግዴታ አይደለም። ቢኖር ግን ይመረጣል። በነጻ የሚሠሩ አሉ፤ ናሽናል ቬተራንስ ሊጋል ሰርቪስስ ፕሮግራም አንዱ ነው፣ አንዳንድ የሕግ ትምህርት ቤቶችም ለዚህ የተከፈተ ክሊኒክ አላቸው። የቪኤ፣ ማለትም የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ድረ ገጽም ጥቂት ጥያቄ ጠይቆ የትኛው ፎርም ወደ የት እንደሚላክ ይነግራችኋል።

ዜግነታችሁን በውትድርናው በኩል ላገኛችሁ አንድ ከባድ ነገር አለ። በድምሩ አምስት ዓመት በክብር ሳታገለግሉ ከክብር ባነሰ ሁኔታ ከተሰናበታችሁ፣ ሕጉ ዜግነቱ እንዲሻር ያስችላል። የእኛ ልጅ እዚህ ውስጥ ይወድቃል። እንዲህ ያለ ሰው ማንኛውንም ወረቀት ከመላኩ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር። የስንብቱ ወደ ጄነራል ከፍ ማለት ራሱ ለዚህም ይጠቅማል።

ሌላው ደግሞ፣ የቦርዱ መልስ እስኪመጣ ሕክምና አትጠብቁ። ኦቲኤች ያለውን ሰው ቪኤ በራሱ መንገድ መርምሮ ጥቅም ይገባዋል ሊል ይችላል፤ ይህ ከቦርዱ የተለየ ሂደት ነው። ደንቡ ከጁን 2024 ጀምሮ ላልቷል፣ በፊት የተከለከሉም እንደገና ማመልከት ይችላሉ። ጦርነት ላይ ለነበሩና የወሲብ ጥቃት ለደረሰባቸው የአእምሮ ሕክምና በር ክፍት ነው። ሕይወትን የመጥላት ሐሳብ ከመጣ 988 ደውላችሁ 1ን ተጫኑ። የስንብታችሁ ዓይነት ምንም ይሁን ምን ይሠራል።

ሪቪው ቦርዱ እምቢ ቢል ወደ መዝገብ ማስተካከያ ቦርዱ ትሄዳላችሁ። እሱም እምቢ ካለ፣ ከዲሴምበር 20 ቀን 2019 ወዲህ ለተሰናበቱ አንድ ተጨማሪ የይግባኝ ቦርድ አለ፤ በ365 ቀን ውስጥ ይጠየቃል። ለሌሎች የፌዴራል ፍርድ ቤት አለ፣ ለዚያ ግን ጠበቃ ያዙ።

ከተፈቀደላችሁ አዲስ ዲዲ 214 ይላክላችኋል። ጦሩ ቀየረው ማለት ግን ቪኤ ወዲያው ጥቅማችሁን ይለቃል ማለት አይደለም። አዲሱን ወረቀት ይዛችሁ እናንተው ሂዱና በፊት የተከለከላችሁትን እንደገና ጠይቁ።