«ለወንዶቹም?»

እሺ፣ እየቀዳ ነው። ጄኔሬተሩን ትሰሙታላችሁ አይደል? ሰላም በሉት፣ ዛሬም አብሮን ነው።

ስለ ቤት ኪራይ ላወራ ነበር። ግን እሁድ አክስቴ ቤት የተባለው ነገር አልለቀቀኝም። ልጇን ሯጯን ታውቋታላችሁ፣ ያቺ ካልሲዎቼን የጨረሰችው። ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሷል። እንደ ቀልድ ጣል አደረገችው፦ «ተመርምሬ ሴት ነሽ አሉኝ እኮ!» ሳቅን። ጉንጯን ከውስጥ በጥጥ ጠረግ አድርገው ወስደው፣ ውጤቱ መጣ፣ አለፈች። በቃ።

አክስቴ ግን አልሳቀችም። የያዘችውን ሲኒ ረከቦቱ ላይ መለሰችው። «ባታልፊስ ኖሮ?» አለች።

ማንም አልመለሰላትም። እኔ ፈንዲሻ አፌ ሞልቶ ነበር። ከዛ ደግሞ፣ «የወለድኩሽ እኔ አይደለሁ እንዴ? እኔን አይጠይቁም?» ሯጯ ፈገግ ብላ፣ «እማዬ፣ ሕግ ነው እኮ፣ ለሁሉም ነው» አለቻት።

«ለወንዶቹም?»

«አይ... ለሴቶቹ ሁሉ ማለቴ ነው።»

እዚህ ጋ ነው የቀረሁት። አክስቴ ሙግት ልትገጥም አልነበረም፣ የምሯን ነው የጠየቀችው። ሯጯ ደግሞ «ለሁሉም» ስትል ከልቧ ነው። ሁለቱም ሲኒያቸውን አነሱ፣ ወሬው ወደ ጎረቤት ሰርግ ሄደ። እኔ ብቻ እዛው ቀረሁ።

ነገሩን ለማታውቁት (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምለው)፦ የአትሌቲክሱ የበላይ አካል፣ የዓለም አትሌቲክስ፣ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2025 ጀምሮ፣ ከቶኪዮው የዓለም ሻምፒዮና በፊት ማለት ነው፣ በሴቶች ምድብ መወዳደር የምትፈልግ ሁሉ አንድ ጊዜ የጂን ምርመራ ታድርግ አለ። የሚፈለገው ኤስአርዋይ የሚባል ጂን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ዋይ ክሮሞዞም ላይ፣ ማለትም በተለምዶ ወንዶች በሚይዙት ክሮሞዞም ላይ ይገኛል። ጽንስ መጀመሪያ አካባቢ ወንድም ይሁን ሴት አንድ ዓይነት ነው የሚመስለው። ይሄ ጂን ካለና ከሠራ፣ የወንድ የዘር ፍሬ መሠራት ይጀምራል።

ይጀምራል ነው ያልኩት። ክብሪት ተጫረ ማለት ወጡ በሰለ ማለት አይደለም። ጂኑ ኖሮ፣ የወንድ ሆርሞን የሚባለው ቴስቶስትሮንም ተመርቶ፣ ሰውነት ጭራሽ የማይቀበልበት ሁኔታ አለ። እንዲህ ያለች ልጅ ሴት ሆና ትወለዳለች፣ ሴት ሆና ታድጋለች። ብዙ ጊዜ የወር አበባ ሲቀር ነው የሚታወቀው። ጂኑን በ1990 ካገኙት ሳይንቲስቶች አንዱ አንድሩ ሲንክሌር ራሱ፣ ለዚህ ሥራ አታውሉት ብሎ ተከራክሯል። ያገኘው ሰውዬ!

ማሪያ ሆሴ ማርቲኔዝ ፓቲኞ የምትባል የስፔን የመሰናክል ሯጭ ነበረች። በ1983 ሄልሲንኪ ላይ ተመርምራ የሴትነት ሰርተፊኬት አግኝታለች። አዎ፣ ሰርተፊኬት። በ1985 ጃፓን፣ ኮቤ ስትሄድ ወረቀቱን ቤቷ ረሳችው። እንደገና ተመረመረች፣ ወደቀች። ተጎዳሁ በይና ውጪ አሏት። በዓመቱ እምቢ ብላ ሮጠች፣ ጉዳዩ ጋዜጣ ላይ ወጣ። እጮኛዋ ሄደ፣ ስኮላርሺፑም ሄደ። ሰውነቷ ቴስቶስትሮን የማይቀበል ስለነበር በ1988 መልሰው ፈቀዱላት። ሰውነቷ ያው ነው። የተለወጠው ውሳኔያቸው ነው። የቦርሳዋ ኪስ ውስጥ ወረቀቱ ቢኖር ኖሮ... ምንም አትሆንም ነበር።

አን ፋውስቶ ስተርሊንግ የምትባል ባዮሎጂስት አለች፣ ፌሚኒስትም ነች። ክርክሯ በአጭሩ፣ ሳይንስ ውሳኔያችንን ያግዘናል እንጂ ሴት ማን እንደሆነች የሚወስነው ስለ ጾታ ያለን እምነት ነው የሚል ነው። ባዮሎጂ የለም አላለችም፣ ላብራቶሪ ውስጥ የኖረች ሰው ናት። እኔ የምቀበላትም ለዛ ነው። ሰውነትን የረሳ ቲዎሪ አይጥመኝም።

ግን ቆይ። የ800 ሜትር ክብረ ወሰንን እዩ። የወንዶቹ 1 ደቂቃ ከ40.91፣ የሴቶቹ 1 ደቂቃ ከ53.28። ከ12 ሰከንድ በላይ ነው። ምድቡ ባይኖር ሯጯም የለችም፣ ካልሲዬም በሰላም ይኖር ነበር። ምድቡን ጠብቁልን የሚሉትም ሴቶች ናቸው፣ ብዙዎቹ ራሳቸውን ፌሚኒስት ይላሉ። ሞኞች አይደሉም። አንዳንድ ቀን እኔም ከነሱ ጋር ነኝ።

ከዛ ደቡብ አፍሪካዊቷ የ800 ሜትር ሯጭ ካስተር ሰመኒያ ትመጣብኛለች። በ2009 በርሊን ላይ ወርቅ ስትወስድ ገና 18 ዓመቷ ነው፣ ዓለም ስለ ሰውነቷ ያወራል። በኋላም ቴስቶስትሮንሽን ካልቀነስሽ አትሮጪም የሚለውን ደንብ ተቃውማ ከሰሰች። በሐምሌ 2025 የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት፣ የስዊስ ፍርድ ቤት ጉዳይሽን በአግባቡ አላየልሽም አላት። ስንት ዓመት በኋላ! ሩጫው አልፏል እኮ።

ይሄን ስል ተናደድኩ ይመስለኛል። ቅድም አልተናደድኩም ነበር።

ባርሴሎናስ? በ1992 ደራርቱ ወርቁን ከወሰደች በኋላ ከደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ሜየር ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው የሮጡበት። እዛም ኦሎምፒክ ላይ ይሄው የሴቶች ምርመራ ነበር። ያንን ቪዲዮ ስንቴ አይቻለሁ፣ አንድም ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

ሯጯን አንድ ነገር ልጠይቃት ፈልጌ ነበር። ፈርመሽ ነው? ፈቅደሽ? ትላለች፣ አዎ ፈርሜያለሁ። እምቢ ብትልስ? አትሮጥም። ታዲያ ይሄ ፈቃድ... ግን ሌላም ነገር እኮ እየፈረምን ነው የምንሠራው፣ የዶፒንጉ ሽንትም አለ፣ እሱን ወንዶቹም ይሰጣሉ። ስለዚህ ምርመራ መሆኑ አይደለም ችግሩ። ወይስ... አክስቴ «እኔን አይጠይቁም?» ስትል እኮ የናት ወሬ ነው ብለን አለፍናት። ግን ምን ብለው ይጠይቋት? እሷስ ያየችውን ነው የምትናገረው፣ ጂን አላየች። እነሱ ደግሞ...