ስላይዱ ላይ የማይታየው ወባ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ክረምቱ ወጥቶ እስከ ኅዳር ድረስ ቆላው ወባ በወባ ነው። ስለ ትንኟና ስለ አጎበሩ ብዙ ተብሏል። እኔ የላብራቶሪ ሰው ነኝና ደም ውስጥ ስለሚሆነው ላውራችሁ።

ጤነኛ ቀይ የደም ሴል ክብ ነው። መሃሉ ከላይም ከታችም ጎድጎድ ይላል፤ በሁለት ጣት ጫን የተደረገ ድቡልቡል ሊጥ በሉት። ስፋቱ ከ7 እስከ 8 ማይክሮን ነው፤ አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። የሚያልፍባቸው ደቃቅ የደም ሥሮች ግን አንዳንዴ ከዚያ ይጠባሉ። የጣፊያ ቀዳዳማ ይባስ፣ ከ1 እስከ 2 ማይክሮን ቢሆን ነው። ሴሉ ተጣጥፎ ሾልኮ ይወጣና መልሶ ቅርጹን ይይዛል። እኔ ይሄን ባሰብኩት ቁጥር ይደንቀኛል።

ቫይቫክስ የሚባለው ወባ ሲገባበት ሴሉ ያብጣል። ጊምሳ ቀለም ስንቀባው ደግሞ ሮዝ ነጠብጣቦች ይወጡበታል። ግን መተጣጠፉን አያጣም፤ ስለዚህ ትንሹም ትልቁም ጥገኛ (የወባው ተህዋስ) በደም ሲዘዋወር ስላይዱ ላይ፣ ማለትም ደም ቀብተን በማይክሮስኮፕ በምናየው መስታወት ላይ፣ እናገኘዋለን።

የሚያስፈራኝ ፋልሲፓረም የሚባለው ሌላው የወባ ዓይነት ነው። ሴሉን አያሳብጠውም፤ ግትር ያደርገዋል። ጥገኛው እያደገ ሲሄድ የሴሉ ገጽ ላይ ጥቃቅን ጉብጉብታዎች ይወጣሉ። በእኛ ማይክሮስኮፕ አይታዩም፣ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ይፈልጋሉ። በነሱ አማካኝነት ሴሉ የደም ሥር ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ግትር ሆኖ ጣፊያ ቢደርስ ኖሮ እዚያው ይያዝ ነበር፤ ተለጥፎ ቀረና አመለጠ። አንጎል ውስጥ ሲለጠፍ ሰው ራሱን ይስታል። ነፍሰ ጡር ላይ የእንግዴ ልጁ ውስጥ ይከማቻል።

አሁን ልብ በሉ። ከጣት የምንወስደው የሚዘዋወረውን ደም ብቻ ነው። ስለዚህ በፋልሲፓረም ብዙ ጊዜ የምናየው ገና ትንንሽ ቀለበት የሚመስሉትን ነው። ያደጉት ውስጥ ተለጥፈዋል፣ አይቆጠሩም። ስላይዱ ላይ የታየው ጥገኛ ጥቂት ሲሆን «አንድ ፕላስ» ብለን እንጽፋለን፤ «አንድ ፕላስ ብቻ ነው፣ ቀላል ነው» ሲባል የምበሳጨው ለዚህ ነው። አንድ ፕላስ ያለው ልጅ በጠና ሊታመም ይችላል። ልጁ ከቃዠ፣ ካንቀጠቀጠው፣ መቀመጥ ካቃተው ወይም የሚውጠውን ሁሉ ከመለሰው፣ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ምንም ይሁን፣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል አድርሱት።