የሠራተኛው «እሺ»

የተከበራችሁ የክለብ ሥራ አስኪያጆችና የክፍል ኃላፊዎች፣

የተጠራነው ስለ አመራር ስልት እንድንነጋገር ነው። እኔ ግን የመጣሁት ስለ አንዲት ቃል ልናገር ነው፤ ሠራተኞቻችሁ ስለሚሏችሁ «እሺ»።

የሜዳ ተንከባካቢውን እንውሰድ። 105 በ68 ሜትር የሆነውን ሜዳ እንደ መዳፉ ያውቀዋል፤ ውሃ የሚቋጥረው የትኛው ጥግ እንደሆነ፣ ከግቡ ፊት ያለው ሣር መቼ እንደሚሳሳ። ሣር በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ሲሶ በላይ አይታጨድም። 4.5 ሴንቲሜትር የደረሰው 3 ላይ ይቆማል፤ ከዚያ ዝቅ እንዲል ከተፈለገ ቀናት ጠብቆ መድገም ነው። አለቃው ግን ከቢሮው ሳይወጣ «ለነገ ጨዋታ ላጨው» ይላል። መልሱ «እሺ»። ሣሩ ይገረጣል፣ ሥሩ ይዳከማል፣ ተጫዋች በተጠማዘዘ ቁጥር ከነአፈሩ ይነሳል። ያኔ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የሚጻፈው ለማን ነው? እሺ ላለው! እሺ ያለው ግን አምኖበት አይደለም፤ ከእሱ በፊት «አይሆንም» ያለው ባልደረባው የት እንደተዛወረ ስላየ ነው።

በ1930ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኩርት ሌዊንና ባልደረቦቹ የ10 ዓመት ልጆችን በቡድን ከፍለው ጭምብል አሠርተው ነበር። በቀጭን ትእዛዝ የሚመሩት መሪው አጠገባቸው እስካለ ድረስ ሠሩ፤ ሲወጣ እጃቸው ዛለ። ተማክረው የሚሠሩት ግን መሪው ቢወጣም ቀጠሉ። ልቅ የተተዉት ብዙም አልሠሩም፤ «እኔ ጣልቃ አልገባም» እያላችሁ የምትኮሩም ይህን ስሙ። እስቲ አስቡት፤ ከትኬት መስኮቱ፣ ከትጥቅ ክፍሉ፣ ከወጌሻው አልጋ አጠገብ በቀን ስንት ደቂቃ ትቆማላችሁ?

ትእዛዝ ቦታ አለው። በር ላይ ሕዝብ ሲተፋፈግ ስብሰባ አይጠራም። የጨዋታ ቀኑን ጩኸት ሰኞ ጠዋት ቢሮ ይዞ መግባት ግን አመራር አይባልም።

ጭንቅላቱን የተመታ ተጫዋች ወድቋል። ወጌሻው «ይውጣ» ይላል፣ አሰልጣኙ ይጮህበታል፣ እናንተ ከክብር ትሪቡን ዝም ትላላችሁ። ያ ዝምታችሁም ትእዛዝ ነው! በዚህ ጉዳይ የመጨረሻው ቃል የሕክምና ባለሙያው መሆኑ ዛሬውኑ ይጻፍ፤ አሰልጣኙም ይፈርምበት።

የቀረው አጭር ነው። የሥራ ፕሮግራም ቢያንስ ከ7 ቀን በፊት ይለጠፍ። ቅዳሜና እሁድ የሠራ የዕረፍት ቀኑ እዚያው ላይ ይጻፍለት። የሰኞው ስብሰባ ከ20 ደቂቃ አይለፍ፤ ትጥቅ ያዡ መጀመሪያ ይናገር፣ ሥራ አስኪያጁ መጨረሻ።

አመሰግናለሁ።