«ሠራህ ወይ?» ሳይሆን «ለምን ሠራህ?»

ጥያቄ፦ ከደብረ ብርሃን የደወሉ የ9ኛ ክፍል የሒሳብ መምህር፣ «ተማሪዎቼ ለቤት ሥራ ያላቸውን ተነሳሽነት መለካት ፈልጌያለሁ። ሠርተው የመጡትን ብቆጥር ይበቃል?»

መልስ፦ አይበቃም፣ መምህር። ጠዋት ደወል ሊደወል ሲል ክፍሉን ይዩት። ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ከጓደኛው የሚገለብጥ አይጠፋም። እሱም «ሠርቷል» ተብሎ ይቆጠራል።

ራያንና ኮኔል የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1989 እ.ኤ.አ. ያወጡት መጠይቅ «የቤት ሥራህን ለምን ትሠራለህ?» ብሎ ይጠይቃል። ምክንያቶቹ አራት ዓይነት ናቸው። አንዱ ቅጣት ፈርቶ ይሠራል። አንዱ ካልሠራ ራሱን ስለሚወቅስ፣ ሌላው ትምህርቱ እንዲገባው፣ ሌላው ደግሞ ደስ ስለሚለው ብቻ። ተማሪው በእያንዳንዱ ምክንያት ፊት ከ«በጣም እውነት» እስከ «ጭራሽ እውነት አይደለም» ካሉት አራት መልሶች አንዱን ይመርጣል። ውጤቱን ወደ አንድ ቁጥር የሚያመጣ ስሌትም አለው፤ የደስታው በ2 ተባዝቶ ይደመራል፣ የፍርሃቱ በ2 ተባዝቶ ይቀነሳል። እኔ ግን አራቱን ለየብቻ ቢያዩ እመርጣለሁ። አንድ ድምር ልጁን ይደብቀዋል።

ስም አያስጽፉ። ስም ካለበት እርስዎን ደስ የሚያሰኘውን ነው የሚመልሱት። ደግሞ መጠይቁ ከእርስዎ ተማሪዎች ላነሱ ልጆች የተዘጋጀ ነው። መጀመሪያ ለአምስት ልጆች ጮክ ብለው ያንብቡላቸው። ያልገባቸውን ቃል በራሳቸው አማርኛ ይቀይሩት።

ጥያቄ፦ ከመሐል ሜዳ አካባቢ አንዲት እናት፣ «ልጄ ከተማ ተከራይታ ነው የምትማረው። የቤት ሥራ አትሠራም አሉኝ። ፍላጎት አጥታ ይሆን?»

መልስ፦ እናቴ፣ መጀመሪያ ውሎዋን ይጠይቋት። ተከራይቶ የሚማር ልጅ ውሃ ይቀዳል፣ ሽሮውን ራሱ ይሠራል። አርብ ስንቅ ሊያመጣ አገር ቤት ይወርዳል፣ እሑድ በሶና ቆሎውን ተሸክሞ ይመለሳል። መብራት ከጠፋ ደግሞ ማታውም አለቀ። መምህራን ሆይ፣ ቅጹ ላይ «ትናንት ማታ ለጥናት ስንት ሰዓት አገኘህ? መብራትስ ነበር?» የሚል ጨምሩበት። ጊዜ ያጣን ልጅ ሰነፍ ሲሉት አንጀቴ ያርራል።

ጥያቄ፦ ከሸዋ ሮቢት የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ «ማርክ ከሌለው አልሠራም። ሰነፍ ነኝ?»

መልስ፦ አይደለህም፣ ወንድሜ። የሚያሠራህ ነገር ለጊዜው ከውጭ ነው፤ ይለወጣል። ዛሬ ከተሰጡህ ጥያቄዎች መልሱን ማወቅ የምትፈልገውን አንዱን ብቻ ምረጥና ሥራው። ማርክ ባይኖረውም። በሚቀጥለው ሳምንት ደውልና እንዴት እንደሆነ ንገረኝ።