ኮሌጅ ከመመዝገባችሁ በፊት ማስረጃችሁን አስገምግሙ

ክቡራትና ክቡራን፣ ውድ የሙያ ባልደረቦቼ፤

በዚህ በሜሪላንድ በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ ወንዙን ተሻግሮ በቨርጂኒያ በአሌክሳንድሪያ፣ በአገራቸው በማዋለጃና በድንገተኛ ክፍል ለዓመታት በኃላፊነት ያገለገሉ ነርሶች ዛሬ በየነርሲንግ ሆሙ (የአረጋውያንና የሕመምተኞች መንከባከቢያ) በሲኤንኤነት፣ ማለትም በነርስ ረዳትነት፣ ሲያድሩ እናያለን። ሥራው ክቡር ነው፤ ሕመምተኛ ማጠብና ማገላበጥ የሚያሳፍር ነገር የለውም። እኔን የሚያሳዝነኝ፣ ብዙዎቹ የተመዘገበ ነርስ ፈቃድ ማግኘት የሚችሉ ሆነው ሳለ «የኢትዮጵያ ትምህርት እዚህ አይሠራም» የሚል ወሬ ሰምተው ሳይሞክሩት መቅረታቸው፣ አንዳንዶቹም የተማሩትን ትምህርት እንደገና ለመማር ዕዳ ውስጥ መግባታቸው ነው። ስለዚህ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ ኮሌጅ ከመመዝገባችሁ በፊት ማስረጃችሁን አስገምግሙ።

በአሜሪካ የነርስ ፈቃድ የሚሰጠው የየስቴቱ የነርሲንግ ቦርድ ነው። ቦርዱ በቅድሚያ የሚጠይቀው በውጭ አገር የተማርነው ትምህርት ከዚህ አገሩ ጋር መመጣጠኑን ሲሆን፣ ቦርዶች ውጤታቸውን ከሚቀበሏቸው ገምጋሚዎች አንዱ ዛሬ ትሩሜሪት የሚባለው፣ ብዙዎቻችን ግን ሲጂኤፍኤንኤስ በሚለው የቀድሞ ስሙ የምናውቀው የፊላደልፊያ ድርጅት ነው። ትራንስክሪፕቱ ከተማርንበት ተቋም፣ የፈቃዱ ማረጋገጫም ፈቃዱን ከሰጠው የጤና መሥሪያ ቤት በቀጥታ መላክ አለበት፤ እኛ በእጃችን የያዝነው ቅጂ አይበቃም።

ብዙዎች የሚቆሙት እዚህ ላይ ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው የወጪ መጋራት ዕዳውን መጨረሱን ካላሳየ፣ ሬጅስትራሩ ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱን ለመላክ ያስቸግራል፤ አገር ቤት ሆኖ ጉዳዩን የሚከታተል ወንድም ወይም እህት ደግሞ ውክልና ይጠየቃል። የቀን አቆጣጠሩም ቀላል አይደለም። በሐምሌ 2005 ዓ.ም. የተመረቀች ነርስ በእንግሊዝኛው ቅጽ ላይ 2005 ብላ ብትሞላና ዩኒቨርሲቲዋ ጁላይ 2013 ብሎ ቢልክ፣ ገምጋሚው የሚያየው የ8 ዓመት ልዩነት ነው፤ ማብራሪያው እስኪመጣም ፋይሉ ይቆማል። ስማችሁም በፓስፖርቱ፣ በዲግሪውና በማመልከቻው ላይ በአንድ ዓይነት ፊደል መጻፉን፣ የአያት ስም አንዱ ላይ ገብቶ ሌላው ላይ አለመቅረቱን አስቀድማችሁ እዩ።

ከሁሉ በላይ የማሳስባችሁ ስለ ሰዓቱ ነው። የእኛ ትራንስክሪፕት ብዙውን ጊዜ ክሬዲት አወር፣ ማለትም ለኮርሱ የተሰጠውን የክብደት ቁጥር፣ ብቻ ያሳያል፤ ገምጋሚው ግን በውስጥ ደዌና ቀዶ ሕክምና፣ በእናቶች፣ በሕፃናትና በአእምሮ ጤና ነርሲንግ በክፍልም በአታችመንትም (በሆስፒታል የተግባር ልምምድ) ስንት ሰዓት እንደተማራችሁ ማወቅ ይፈልጋል። የነርሲንግ ትምህርት ክፍላችሁ ይህን ዘርዝሮ እንዲጽፍ በትሕትና ጠይቁ፤ ዝም ካላችሁ ማንም አያስታውስላችሁም። በአእምሮ ጤና የሠራችሁት አታችመንት ሳይጻፍ ቢቀር፣ የሠራችሁት ሥራ እንዳልተሠራ ይቆጠራል። በእርግጥ የጎደለ ነገር ቢገኝ እንኳ፣ ቦርዱ የጎደለውን ኮርስ ብቻ አሟሉ ሊል ስለሚችል፣ ሙሉውን ትምህርት እንደ አዲስ ለመጀመር አትቸኩሉ።

ትምህርታችንን በእንግሊዝኛ መማራችን ብቻውን በሁሉም ስቴት ከቋንቋ ፈተና ነፃ አያወጣንም፤ ይህንንም ከምታመለክቱበት ቦርድ አጣሩ። ከዚያ የሚቀረው ኤንክሌክስ የሚባለው የነርስ ፈቃድ ፈተና ነው። ከ85 እስከ 150 ጥያቄ በ5 ሰዓት ውስጥ የሚሠራ፣ በመልሳችሁ መሠረት ቀጣዩን ጥያቄ ኮምፒዩተሩ የሚመርጥበት ፈተና ነው፤ ያላለፈ ሰው ከ45 ቀን በኋላ እንደገና መቀመጥ ይችላል። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ በነርሶች ፈቃድ ስምምነት ውስጥ ያሉ በመሆናቸው፣ በአንዱ የምትኖርና መልቲስቴት ፈቃድ (በስምምነቱ ባሉ ስቴቶች ሁሉ የሚያሠራ ፈቃድ) ያገኘች ነርስ በሌላውም ትሠራለች፤ ዲሲ ግን በስምምነቱ ውስጥ ስለሌለ ለብቻው ፈቃድ ይጠይቃል።

ፈቃዳችሁን ይዛችሁ በየሆስፒታሉ የምትሠሩ እህቶችና ወንድሞች፣ ይህን መንገድ ያለ መሪ እንደሄዳችሁበት አውቃለሁ፤ ከኋላችሁ ያሉት ግን እንደዚያ መንገላታት የለባቸውም። እያንዳንዳችሁ አንድ አዲስ መጪ ይዛችሁ፣ ቅጹን አብራችሁ ሞልታችሁ፣ ማመልከቻው እስኪገባ ድረስ እንድትከታተሉለት እጠይቃለሁ። ለዚህ ፈቃደኛ የሆናችሁ፣ እርዳታውንም የምትፈልጉ፣ ከአዳራሹ ሳትወጡ በመግቢያው ባለው መዝገብ ላይ ስማችሁን እንድታስመዘግቡ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አመሰግናለሁ።